ሁለቴ ሞቶ አንዴ የተቀበረው

ሩፊን ሙካኒ ቅዳሜ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ችግሩ፣ አብረውት ያደሩት ሰዎች እንደሚሉት ከሆነ፣ አርብ ማታም ሞቶ ነበር።

ኢንስፔክተር ኦጋንዳጋ ይህን ሲሰማ የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ጻፈ። የወደብ ከተማ ልጅ ነው፤ እዚህ ደቡብ፣ ሙዊላ ከተማ፣ ከተመደበ ዓመት አልሞላውም፤ የደቡብ ሰው አነጋገር እስካሁን ጆሮው ውስጥ አልገባም። ፊት ለፊቱ የዘንባባ ቅጠል የለበሰው ረጅም የጸሎት ቤት አለ። መሐሉ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ሰውነቱ በነጭ አፈር የተቀባ ጎልማሳ ተዘርግቷል። ፀጉሩ ላይ የበቀቀን ቀይ ላባ ተሰክቷል። ሰውዬው ጎሚስታ ነበር፤ ጥፍሮቹ ውስጥ የገባውን የጎማ ጥቁረት ነጩ አፈር እንኳ አልሸፈነውም።

«መቼ ነው የሞተው?» ሲል ጠየቀ።

«አርብ፣ እንጨቱን እንደበላ» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ኧረ ቆይቶ ነው!» አለች አንዷ ሴት። «እኔ ራሴ ‹ሞተ፣ ሞተ› እያልኩ አጨብጭቤለታለሁ።»

«አጨበጨብሽ?»

«እልልም ብያለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ረዳቱን ሳጅን ኔስቶርን ዞር ብሎ አየው። ኔስቶር የአገሩ ልጅ ነው፤ እሱም በወጣትነቱ እንጨቱን በልቷል። ጠጋ ብሎ አንሾካሾከለት።

«አለቃ፣ እዚህ ኢቦጋን፣ እንጨቱን ማለቴ ነው፣ የበላ ሰው ሞተ ነው የሚባለው። ነፍሱ አያቶቹ መንደር ትሄዳለች፤ ያጠፋውን ታያለች፤ ስትመለስ እንደገና ተወለደ ይባላል። ሩፊን ኮቦሎ ይዞት ነበር፤ ለዚያ ነው የመጣው።»

ኮቦሎ ማለት ምን እንደሆነ ኦጋንዳጋም ያውቃል። ሐኪም ለሕመም ማስታገሻ የሚያዘው ኪኒን ነው፤ የሰፈሩ ወጣት ግን እንደ ከረሜላ ይውጠዋል። የለመደ ሰው ሲያጣው አጥንቱ ይሰበርበታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊቱ አይነጋለትም። በእንጨቱ ግን ብዙዎች ከዚያ ስቃይ ወጥተዋል ይባላል።

«ታዲያ ይኼኛውስ?»

«ይኼኛው አልተመለሰም» አለ ኔስቶር።

የሟቹን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው የተቀመጡ አሮጊት ነበሩ። ፊታቸው ነጭ ተቀብቷል። ማ ፔምባ ይባላሉ። ኢንስፔክተሩ አጠገባቸው ተንበረከከ።

«እማማ፣ ማነው የገደለው?»

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ የገደልኩት። ልወልደው ብዬ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ማ ፔምባ ግን አላመለጣቸውም፤ በአገራቸው ቋንቋ እውነቱን ተናገሩ። ኢንስፔክተሩ ደግሞ በሕጉ ቋንቋ ሰማና አሰራቸው። ዐቃቤ ሕጉ በስልክ «አምናለች? እንዲህ ነው ሥራ!» ብሎ አመሰገነው። ሰኞ ከሰዓት በሚሄደው መኪና ወደ ዋና ከተማው እስር ቤት ይላኩ ተባለ። በዚያ ዕድሜያቸው እዚያ የገባ ሰው በእግሩ እንደማይመለስ ኦጋንዳጋ ያውቅ ነበር፤ ምስጋናው ደስ አላለውም።

*

ሆስፒታሉ ውስጥ ዶክተር ኤላ ጓንቷን እያወለቀች ተቀበለችው።

«እንጨቱ ነው የገደለው?» አላት።

«ብቻውን አይደለም። ሽንቱን መረመርኩ፤ ኮቦሎ አለበት። ሆዱ ውስጥም ገና ያልተፈጨ የሙዝ ገንፎ ነገር አለ፤ እሱም ውስጥ ኮቦሎው አለበት።»

«ትቻለሁ ብሎ ነበር አሉ።»

«ትቶም ነበር። የገደለው መተዉ ነው እኮ! እንጨቱ ሰውነቱን እንደ አዲስ አደረገው። ድሮ በአንድ ቀን የሚውጠው ዛሬ ለእሱ መርዝ ነው። በዚያ ላይ ልቡ በእንጨቱ ዝግ ብሏል። ትንፋሹ ተቆራረጠ፤ ልቡ ቆመ፤ አለቀ።»

«ብዙ ነው የወሰደው?»

«ትንሽ ናት። የሰፈር ጎረምሳ የሚስቅባት።»

«ደብቆ ይዞ ገብቶ ይሆናላ።»

ዶክተሯ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «አንተ እንጨቱን የበላ ሰው አይተህ አታውቅም። ጣቱን ማንሳት አይችልም። ሰው ነው ያጎረሰው፣ ኢንስፔክተር።»

ማነው ያጎረሰው? ኦጋንዳጋ ይህን ጥያቄ እያላመጠ ወጣ።

*

የለቅሶው ቤት ወንዙ ዳር ነው። የሩፊን እናት ማማን ክሎቲልድ በገበያው በጭስ የደረቀ ዓሣ የሚሸጡ ጠንካራ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን በለቅሶ ሻክሯል። ኢንስፔክተሩን ሲያዩ ከምንጣፉ ብድግ አሉ።

«ያቺን ሴትዮ አሰርካት?»

«ታስረዋል።»

«እንዳትፈታት! ልጄን ቀምታ እናቱ ነኝ አለች። እኔ ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ እሷ በአንድ ሌሊት እናት! ከአጥሩ ውጭ እንደ ባዳ አስቀመጡኝ። ሲያቃስት እየሰማሁ፣ እንደ ባዳ!»

አጠገባቸው የተቀመጡት ሴቶች «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። አንዷ ግን ጣቷን ወደ በሩ ቀሰረች።

«ሴትዮዋ ምን ታድርግ? የበላው አጎቱ ነው። ቡሱጉ ነው የበላው!»

በዚያ አገር ሰው በድንገት ሲሞት ማን በላው ተብሎ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜም ጣት የሚቀሰረው በእናት ወንድም ላይ ነው። ቡሱጉ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ሰው ነበር። ሩፊን ጄኔሬተሩን ሰርቆ ለኮቦሎ ሸጦበታል። አጎትየው በመንደሩ ሁሉ ፊት «አንተን የሚበላህ አይጥፋ!» ብሎ ረግሞታል። ይባስ ብሎ አርብ ከሰዓት የዘንባባ ጠጅ ይዞ በጸሎት ቤቱ አጥር ዙሪያ ሲያንዣብብ ታይቷል።

«ያዘው!» አለ ኦጋንዳጋ በደስታ። መርማሪ ሲጨንቀው የሚያገኛት ደስታ ናት።

ኔስቶር ጉሮሮውን ጠረገ። «አለቃ፣ እሱ አርብ ማታ የት እንዳደረ ልንገርህ?»

«የት?»

«እኛ ጋ። በዚያው ጠጅ ሰክሮ የዳቦ ቤቱን መስኮት ሰብሮ፣ እኔ ራሴ ቆልፌበታለሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንተ ነህ ‹ይሄ ሰካራም ይውጣልኝ› ያልከው።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አውልቆ ላቡን ጠረገ፤ የኔስቶርን ዓይን ላለማየትም ወደ ወንዙ ዞረ።

*

የኮቦሎ ሻጩ ቲቲ በመኪና መናኸሪያው የስልክ ካርድ የሚሸጥ ይመስላል። ፖሊስ ሲያይ አልሸሸም፤ ወንበር ሳበለት።

«ሩፊንን ገደልከው ይሉሃል» አለ ኦጋንዳጋ።

«ደንበኛዬን? ሰው የራሱን ዶሮ አንቆ እንቁላል ይጠብቃል እንዴ?»

«ደንበኛህ ሊተው ነው። ተናደድክ። በሰው ላክህበት።»

«አለቃዬ፣ ለሚተው ሁሉ ብናደድ ጨጓራዬ አይችለውም። አንድ ሲተው አሥር ይመጡልኛል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አትሰረኝና ልንገርህ፤ ወጣት ብቻ እንዳይመስልህ። ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉት የገበያ ሴቶችም ለወገብ ሕመም እያሉ ይወስዳሉ። ማን ለማን እንደሚያጎርስ እኔ ምን አውቃለሁ?»

ኢንስፔክተሩ ኪኒኑን ወርሶ እሱንም አሳሰረው፤ ግን ቲቲ አርብ ሌሊት እስኪነጋ መናኸሪያው ላይ ሲጨፍር ያላየው ሰው አልነበረም። ነገሩ ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ሆነ። የሳበው ሁሉ የባሰ ይቋጠራል።

*

ሰኞ ማለዳ ኦጋንዳጋ የማ ፔምባን ክፍል ከፍቶ ገባ። የሥነ ሥርዓቱ መሪ፣ ንጋንጋው ፓ ምቦዪ፣ በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ከዚያ አልተነሡም።

«ማ ፔምባ፣ ዛሬ ከሰዓት ይወስዱዎታል። ሌላ ነገር ካለ አሁን ይንገሩኝ። ልጁን ኮቦሎ ያጎረሰው ማነው?»

«እናቱን ጠይቃት እንዴት እንደሆነች» አሉ ማ ፔምባ። «እህል ቀመሰች?»

«እኔ የምጠይቅዎት ሌላ ነው!»

«እኔም የምጠይቅህ ሌላ ነው፣ ልጄ።»

ፓ ምቦዪ ከበሩ ላይ ተነፈሱ። «አትድከም። እሷ ለዚያ ልጅ እናት ሆናለታለች። ባንዚው፣ እንጨቱን የበላው ማለቴ ነው፣ እዚያ ማዶ ሳለ ከእሷ እጅ በቀር አፉን የሚነካ እጅ የለም። ‹እማ› ብሎ ቢጠራ እሷን ነው። የወለደችውን እንዳይጠራ አስቀድመን እናስተምረዋለን። ከጠራት መንገዱ ይጠፋበታላ።»

«ከእሳቸው እጅ በቀር የሚነካው የለም ካሉ፣ እርስዎም እያሰሯቸው ነው፣ ፓፓ።»

 ኦጋንዳጋ ክፍሉን ቆልፎ ወጣ። አሮጊቷ እንዳልገደሉ ልቡ ነግሮታል፤ ግን ልብ ለዐቃቤ ሕግ አይቀርብም።

*

የቀረው አንድ ሰው ነበር። ኤቫሪስት የሚባል የሌላ መንደር አናጢ ሲሆን፣ ያን ሌሊት የአጥሩን በር የጠበቀው እሱ ነው። ሲነጋ ንጋንጋው ወንዶቹን ይዘው ወደ ጫካው፣ ማ ፔምባ ደግሞ ሁለት ሴቶች አስከትለው መታጠቢያ ውኃ ሊቀዱ ወደ ወንዙ ሄደው ነበር። ሩፊን ብቻውን የቀረው ያኔ ብቻ ነው። ኤቫሪስት ቅዳሜ ዕለት «ከእናቱ በቀር ማንም አልገባም» ብሎ ነበር፤ የሥርዓቱ እናት እሳቸው ናቸውና፣ ማ ፔምባን ወንጀሉ ላይ ያጣበቀውም ያ ቃል ነው።

«እስቲ እንደገና ንገረኝ» አለው ኦጋንዳጋ።

«ነግሬሃለሁ እኮ። እናቱ ወጣች። እናቱ ገባች። እናቱ ገባች።»

«አንዴ በለው። ገባች።»

«ሁለቴ ነው የገባችው።»

ኦጋንዳጋ ቅዳሜም እንዲህ ብሎት ነበር፤ ምላሱ የተኮላተፈ መስሎት አልፎታል።

«መሐል ላይ መቼ ወጣች?»

«አልወጣችም።»

«ሳትወጣ እንዴት ሁለቴ ትገባለች?»

ኤቫሪስት አንገቱን አከከ። «አለቃ፣ እኔም እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ከእንጨቱ ትንሽ ቀምሼ ነበር። የቀመሰ ሰው ብዙ ነገር ያያል። የሞተችው አክስቴም በዚያው በር አልፋለች። እሷንም ላስመዝግብልህ?»

ኔስቶር ሳቁን ዋጠ። ኦጋንዳጋ ግን አልሳቀም።

«መጀመሪያ ስትገባ ምን ይዛለች?»

«የተከደነ ሳህን።»

«ሁለተኛስ?»

«እንስራ፣ በራሷ። ሁለቱ ሴቶችም ተከትለዋታል።»

«ውኃ ልትቀዳ የሄደች ሴት በሳህን ተመለሰች?»

ኤቫሪስት አሁን ገና አሰበ። 

«ፊቷን አላየህም?»

«ነጭ ነው። ሁሉም ነጭ ነበር፤ ሲጀመር እኮ ውጭ የተቀመጠው ዘመድ ሁሉ ሳይቀር ይቀባል። ‹ማነሽ?› አልኳት፤ ‹እናቱ ነኝ› አለችኝ። እናቱን ልከልክላት?»

ኦጋንዳጋ ከመቀመጫው ተነሣ። ለሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ሴት እየፈለገ ሁለት ሴቶችን አንድ አድርጎ ሲሰማ ነበር። «ኔስቶር» አለ፤ «የልጁ ቀብር መቼ ነው?»

«አሁን እየተመለሱ ነው።»

*

ማማን ክሎቲልድ ከቀብር መልስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው በቀይ አፈር ተለውሷል። ወንድማቸው ቡሱጉ ማንም ባያናግረውም ጥግ ይዞ ቆሟል። ጎረቤት ያመጣችላቸው ካሳቫና ዓሣ አልተነካም።

ኦጋንዳጋ መሬት ላይ ተቀመጠ። ወንጀለኛ ፊት እንዲህ ተቀምጦ አያውቅም።

«ማማን ክሎቲልድ፣ ሩፊን ልጅ ሳለ ሲያመው መድኃኒት ይውጥ ነበር?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ግራ ገባቸው፤ ግን ስለ ልጃቸው የጠየቃቸው ሰው በማግኘታቸው ፊታቸው ፈታ አለ።

«እሱ? ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚያስቸግረኝ! በበሰለ ሙዝ ደፍጥጬ ካልሰጠሁት በቀር።»

«ቅዳሜ ጠዋትም እንደዚያው?»

«እንደዚያው» አሉ፤ ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም። «ለማንም አልተናገርኩም፤ ያ ሥርዓታቸው ተጣሰ ብለው እንዳይጮሁብኝ። ግን አንተ ሕግ ነህ፣ ለአንተ ምን እደብቃለሁ? ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ሰማሁት። ሊነጋ ሲል ‹እማ!› ብሎ ጠራኝ። በጆሮዬ! እናት ነኝ፣ ምን ላድርግ? ኮቦሎ ሲያጣ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ እኔ ነኝ የማውቀው። ለወገቤ የያዝኳት ሁለት ፍሬ ነበረች። ጠልቻት ነው የያዝኳት፤ ልጄን የበላች ነገር ናት። ግን ስቃዩን ታቆማለች። ፈጭቼ በሙዝ አጎረስኩት። ዓይኑን ከደነ። ጸጥ አለ። በጓሮው ቀዳዳ ወጣሁ። ቢያንስ አንዴ አሳርፌዋለሁ፤ ከዚያ ያቺ ጠንቋይ ተመልሳ ጨረሰችው።»

ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል፤ ይህን ያለ ሰው ግን ይህን ቀን አላየም።  የያዘውን ነገር ቢውጠው አሮጊቷ በመኪና ይሄዳሉ፤ ቢተፋው ይህች እናት ቆማ ትሞታለች።

«ማማን ክሎቲልድ» አለ በመጨረሻ፤ «ከዚያ በኋላ ነቃ?»

«ኧረ በሰላም ተኝቶ...»

 ኢንስፔክተሩን አዩት። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አነሡና፣ ያጎረሱበትን ጣት፣ የሌላ ሰው እንደሆነ ነገር ዝም ብለው አዩት።

«ጸጥ ያለው...» አሉ።

ኦጋንዳጋ አንገቱን ደፋ።

«ምንድነው? ምን አላት?» አለ ቡሱጉ ከጥጉ።  ማማን ክሎቲልድ አልጮኹም። ተነሡና «ያቺ ሴትዮ የት ናት?» ብለው ጫማ ሳያደርጉ ወደ ጣቢያው መንገድ ጀመሩ።

*

መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። ማ ፔምባ ከኋላ ተቀምጠዋል። ፓ ምቦዪ ወንበራቸውን ይዘው ጎማው ፊት ለፊት ቁጭ ብለዋል፤ ሾፌሩም ጥሩምባውን እየነፋ ይለምናቸዋል። ማማን ክሎቲልድ ደረሱና የመኪናውን ጠርዝ ያዙ።

«አንቺ» አሉ። «አውቀሽ ነበር?»

«ከንፈሩ ላይ ሙዝ ነበር» አሉ ማ ፔምባ። «ጠረግኩለት።»

«ለምን አልተናገርሽም? እኔ እኮ ስሰድብሽ ነው የሰነበትኩት!»

«ልጅ ሞቶብሻል። በዚያ ላይ ምን ልጨምርብሽ?»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ማማን ክሎቲልድ ለመናገር ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ድምፃቸው ሲወጣ የሕፃን ድምፅ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ‹እማ› ሲል የጠራው ማንን ነው?»

ኔስቶር መሬት መሬት አየ፤ መልሱን ያውቃል፤ እንጨቱን የበላ ሁሉ ያውቃል። ፓ ምቦዪም ያውቃሉ። ኦጋንዳጋም ከዛሬ ማለዳ ጀምሮ ያውቃል። ሁሉም የአሮጊቷን አፍ ጠበቁ።

«አንቺን ነው» አሉ ማ ፔምባ። «እኔን በዚያ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።»

ፓ ምቦዪ ፊታቸውን አዞሩ። ማማን ክሎቲልድ እዚያው አቧራው ላይ ተዘረፈጡ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛው ለቅሶ መጣላቸው። ማ ፔምባም ማንም ሳያወርዳቸው ከመኪናው ወርደው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እጆቻቸውንም ያዟቸው።

ኢንስፔክተር ኦጋንዳጋ ካቴናውን አውጥቶ ቀረበ። ማንን መፍታት፣ ማንን ማሰር እንዳለበት ሕጉ ግልጽ ነው። ጎንበስ ብሎ የማማን ክሎቲልድን እጅ ፈለገ፤ ግን አራቱም እጆች በቀይ አፈርና በነጭ አፈር ተለውሰው እርስ በርስ ተቆላልፈው ስለነበር፣ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተው።